ለሳር ማጨድና ለምንጣሮ የሚሆን ትንሽ ትራክተር ልንገዛ ነው፣ ምን ትመክሩናላችሁ?

የአራት ኪሎው ልጅ፦

ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖች። አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት አድባራት ባንዱ የልማት ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። እዚ ትራክተር የነዱም የጠገኑም ሰዎች እንዳላችሁ ስላየሁ ነው ሁሉንም ዘርዝሬ የምጽፈው፣ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ሁለት ቦታ ነው ያለን። አንደኛው ራሱ ግቢያችን ነው፣ ቤተ መቅደሱን ዞሮ ሳር አለ፣ በግራ በኩል መቃብር ነው፣ ከቤተልሔሙ ጀርባ ደግሞ መሬቱ ወደ ወንዙ ቁልቁል ይወርዳል፣ እሱ ጋር ሰንሰልና የወፍ ቆሎ ተጠላልፎ ሰው አያሳልፍም። ሳር ያለበት በሙሉ ቢለካ አንድ ሄክታር አይሞላም። ሁለተኛው በሱሉልታ መንገድ የአረጋውያን መጦሪያ እንዲሰራበት የተያዘ ወደ አራት ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነው። ግማሹ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ሌላው ግማሽ ባሕር ዛፍ ነበር፣ የዛሬ ሁለት አመት ተቆርጦ ተሸጠና ጉቶው እዛው ቀረ፣ አሁን ከያንዳንዱ ጉቶ አምስት ስድስት ሆኖ አቆጥቁጦ ከሰው ቁመት በልጧል፣ በመሃል በመሃሉ ቀጋና አጋም ገብቶበታል።

እስከዛሬ ግቢውን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው በማጭድ የሚያጭዱት። ንግሳችን ህዳር ላይ ስለሆነ ክረምቱን ሙሉ ያደገው ሳር ጉልበት ይደርስና ልጆቹ ከስራና ከትምህርት መልስ እያመሹ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ አምና አንዱን ልጅ ማጭድ እጁን ቆርጦት ተሰፍቷል። ሱሉልታውን ደግሞ በቀን ሰራተኛ ሞክረን ነበር፣ ጉቶውን ሳይነኩ ቅርንጫፉን ብቻ በገጀራ ጨፍጭፈው ሄዱ፣ ክረምቱ ሲወጣ ተመልሶ ጫካ ሆነ።

ስለዚ ኮሚቴው አንድ ትንሽ ትራክተር ገዝተን ሁለቱንም ቦታ እንስራበት ብሏል። ብሩ ግን የስለት ብር ነው። ለልጃቸው ጤና ተስለው ያገቡ እናቶች፣ ከጡረታቸው ቀንሰው ሙዳይ ምጽዋት ውስጥ የሚጥሉ አባቶች ብር ነው። ተሳስተን የማይሰራ ብረት ግቢ ውስጥ ብናቆም በምን አፋችን ነው ለምእመኑ የምንመልሰው? እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ያየናቸው ሶስት ናቸው። ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ሱቅ አዲስ ባለ 25 ፈረስ ጉልበት ትራክተር ከነስላሸሩ (ከኋላ ተገጥሞ በሚሽከረከር ቢላ ሳርና ቁጥቋጦ የሚከትፈው) አሳይተውናል፣ ሁሉን ነገር ይሰራል ነው የሚሉት። አንድ ሰውዬ ደግሞ የድሮ ማሲ ፈርጉሰን 135 ሊሸጥልን ይፈልጋል፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ሞተሩም ይነሳል። ሶስተኛው ከጃፓን ያገለገለ የመጣ አራቱም ጎማ የሚጎትት ትንሽ ትራክተር ነው፣ ቀለሙ እንኳን አልለቀቀም ግን ላዩ ላይ ያለው ጽሁፍ በሙሉ ጃፓንኛ ነው።

ስንት ፈረስ ጉልበት ነው የሚበቃን? አንድ ትራክተር ሳሩንም አጭዶ ጉቶውንም መንቀል ይችላል ወይ? የድሮውን ማሲ ብንወስድስ ጥፋት ነው? ሰኔ ከመግባቱ በፊት መወሰን አለብን። እግዚአብሔር ይስጥልን።


ካምቢዮ፦

ልጄ ከ30 አመት በላይ ትራክተር ስር ተኝቻለሁ፣ የመንግስት እርሻ ላይም ጋራዥም፣ ስለዚ ሱቁ ውስጥ ማንም ከማይነግርህ ነገር ልጀምር። ያ 25 ፈረስ ጉልበት የሚለው ቁጥር ባህር ጠለል አካባቢ ባለ አየር የተለካ ነው። እኛ ያለነው 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሱሉልታ ከዚም ከፍ ይላል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ አካባቢ ጉልበት ይጥላል፣ አስላው፣ እዚ ከተማ ውስጥ ሩቡን ሊያጣ ትንሽ ነው የሚቀረው። 25ቱ 19 ሆነ ማለት ነው። ከሞተሩ ተነስቶ ኋላ ያለው ፒቲኦ (ጉልበቱን ለስላሸሩ የሚያስተላልፈው የሚሽከረከር ዘንግ) ጋር እስኪደርስ ደግሞ ካምቢዮው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበላል፣ ስላሸሩ ጋር የሚደርሰው 16 ወይ 17 ነው። ስላሸር በየ30 ሳንቲም ስፋቱ 5 ፈረስ ጉልበት ፒቲኦ ላይ ይፈልጋል ብለህ ያዝ፣ 1 ሜትር ከ20ው 20፣ 1 ሜትር ከ50ው 25። ያቺ የሱቋ ትራክተር ቀለል ያለ ሳር ላይ ትሄድልሃለች፣ ያቆጠቆጠ ባሕር ዛፍ ውስጥ ስታስገባት ግን ጥቁር ጭስ እያወጣች ትጠፋለች።

እኔ ብሆን ከ35 በታች አላይም። 35ቱ እዚ 27 ገደማ ይሆናል፣ ፒቲኦ ላይ 23 ያደርስልሃል፣ ባለ 1 ሜትር ከ20 ስላሸር ከበቂ በላይ ይነዳል። 45 ካገኘህ 1 ሜትር ከ50ውን ትይዛለህ፣ ለምሳሌ ኩቦታ ኤል 4508 የሚባለው 45 ነው አራቱም ጎማ ይጎትታል። ቱርቦ ያለው ካገኘህ ደግሞ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም፣ ጠይቅ።

አራቱም ጎማ የሚጎትት ይሁን ወይ ለሚለው እዛ አካባቢ ያለው ዋልካ አፈር ነው፣ ሐምሌ ላይ በኋላ ጎማ ብቻ የሚጎትት ትራክተር ሜዳው መሃል ከተቀረቀረ እስከ መስከረም እዛው ነው። ስለዚ አዎ ይሁን። ጎማውንም እየው፣ አር 1 የሚለው ጥርሱ ረጅም የእርሻ ጎማ ነው ጭቃ ላይ ጎበዝ ነው ግን የቤተክርስቲያኑን ሳር በእርጥቡ ከገባበት እንደ ማረሻ ነው የሚገለብጠው፣ አር 3 ለሳር ሜዳ የተሰራ ነው እሱ ደግሞ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ መሃል ያለው አር 4 ነው፣ ወፍራም ነው ጉቶና እሾህ ይችላል። የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ አግድም ከተቆረጠ እንደ ጦር ነው የሚቆመው፣ የፊት ጎማ ስንት ጊዜ በሱ ሲፈነዳ አይቻለሁ፣ ለናንተ አር 4 ነው የሚሻለው።

ማሲ 135ን በተመለከተ፣ እኔ ስራ የተማርኩት በሱ ነው እና ክፉ አልናገርበትም። ከ1964 እስከ 1975 በፈረንጅ ነው የተሰራው፣ ሶስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር አለው ወደ 45 ፈረስ ጉልበት፣ ሶማሌ ተራ ወርደህ ፊልትሮውንም ኩሽኔታውንም ታገኝለታለህ፣ የትኛውም መካኒክ አይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ግን ሶስት ነገር ተመልከት። አንደኛ የሚጎትተው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ሁለተኛ ብዙዎቹ የመገልበጥ መከላከያ ብረት የላቸውም። ሶስተኛው እና ሰው የማያውቀው ፍሪሲዮኑ ነው። ባለ አንድ ደረጃ ፍሪሲዮን ከሆነ ፔዳሉን በረገጥክ ቁጥር ፒቲኦውም ይቆማል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተህ ትራክተሩን ላዝግመው ስትል ስላሸሩም ጉልበቱን ያጣል። ከዛም የሚብሰው፣ የሚሽከረከረው የስላሸር ክብደት ፒቲኦውን ከስላሸሩ በሚያገናኘው ካርዳን በኩል ተመልሶ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ፍሪሲዮን ረግጠህ ቆምኩ ስትል እየሄድክ ነው፣ የግንብ አጥር ፊት ይሄ ቀልድ አይደለም። ባለ ሁለት ደረጃው ከሆነ በግማሽ ስትረግጥ ጎማው ብቻ ይቆማል። ሰውዬውን የቱ እንደሆነ ጠይቀው፣ ካላወቀ ነድተህ እየው። ባለ አንዱ ከሆነና ካፈቀርከው የግድ ካርዳኑ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዞር ክላች ይገጠምለት።

የጃፓኑ ቆንጆ ነው፣ ጃፓኖች አይጎዱትም፣ ግን ለሀገራቸው ገበያ ብቻ የሰሩት ስለሆነ ፓርቱ ከውጭ ከሚሸጠው ጋር ላይገጥም ይችላል። ፒቲኦው ብዙ ማርሽ ነው ያለው፣ አንደኛው ነው ስላሸሩ የሚሰራበትን በደቂቃ 540 ዙር አካባቢ የሚሰጥህ፣ ላዩ ላይ ያለውን ሳታነብ ሶስተኛ ላይ ካስገባኸው ስላሸሩን ትበትነዋለህ። የፒቲኦውን ዘንግ ጥርስም ቁጠር፣ ስድስት ጥርስና ውፍረቱ 35 ሚሊሜትር ከሆነ እዚ ያለው ካርዳን ይገባል።

ጉቶውን ግን በዚ ሁሉ አትንቀል። እሱን ተወው። ለሁለት ሶስት ቀን ኤክስካቫተር ተከራይተህ አስነቅል፣ አንዴ ነው የሚነቀለው፣ ሳሩ ግን በየአመቱ ነው። ትራክተሩን ለሳሩ ግዛ።


ጭድና ድርቆሽ፦

ካምቢዮ የተናገረው ላይ አልጨምርም፣ ግን ወንድሜ አንድ ነገር ዘለልክ፣ ያ ሁለት ሄክታር ሜዳ ሳሩን ምን ልታደርጉት ነው? እኔ ሱሉልታ ነው ያደግኩት፣ አሁን መርካቶ ነው የምሰራው ግን ቤተሰቦቼ እስከዛሬ በድርቆሽ ነው የሚተዳደሩት። የአዲስ አበባ የወተት ላሞች በብዛት የሚበሉት የኛን ድርቆሽ ነው፣ አይሱዙ ሙሉ ተጭኖ በአዲሱ ገበያ ሲገባ አይተህ ታውቃለህ። እናንተ በስላሸር ከገባችሁበት ሳሩ ተከትፎ መሬት ላይ ይቀራል፣ በሬክ (በሳር መሰብሰቢያው) አይሰበሰብም፣ ከአፈር ጋር ይደባለቃል፣ ላምም አትበላውም። ብር ነው የምትከትፉት። የስለት ብር ነው አላልክም? መሬቱ ራሱ መልሶ ሊከፍላችሁ ይችላል እኮ።

ለድርቆሽ የሚሆነው እንደ መቀስ የሚሰራው ረጅሙ ማጨጃ ነው፣ ጎን ላይ የሚዘረጋው፣ ጥርስ በጥርስ ላይ የሚመላለስበት። ሳሩን ከስር አንዴ ብቻ ይቆርጠውና ሙሉውን አጋድሞ ይተወዋል። ጉልበትም አይፈልግም፣ 20 ፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ትራክተርም ይነዳዋል፣ ችግሩ ድንጋይና ጉቶ ካገኘ ጥርሱ ይሰበራል፣ ምላጩንም ቶሎ ቶሎ መሳል ያስፈልጋል። ከበሮ ያለው ማጨጃ የሚባልም አለ፣ ሁለት ከበሮ እየተሽከረከረ የሚቆርጥ፣ ድንጋይ ይችላል ፈጣን ነው ግን ከባድ ነው፣ ካምቢዮ ባለው ስሌት 45ም ላይ ሊከብድ ይችላል።

እና ጊዜው። የኛ ሀገር ሳር ክረምት ሲወጣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ህዳር ነው የሚታጨደው፣ ሲያብብ ሳይደርቅ። ቀድመህ ካጨድክ ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ዘግይተህ ካጨድክ ገለባ ነው። ሁለት ሄክታር በማሽን አንድ ቀን አይፈጅም፣ በማጭድ ግን ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናንተው ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ነሐሴ ላይ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፣ ምንም አይነት ትራክተር አታስገቡ፣ ጎማው የከፈተው ቦይ ለሚቀጥለው አመትም አይጠፋም።

ጉቶው ሲነቀል ደግሞ እንጨቱን የአካባቢው ሰው ለማገዶ ይፈልገዋል። ከኤክስካቫተሩ በፊት ጠይቁ፣ በዶማና በመጥረቢያ ዙሪያውን ቆፍረው ሥሩን እየቆረጡ ነቅለው ይወስዱላችሁ ይሆናል፣ ጉድጓዱን እንዲደፍኑ ብቻ ተዋዋሉ። ቅርንጫፍ ብቻ ከቆረጣችሁት ባሕር ዛፍ አይሞትም፣ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ ከተማችንን በማገዶ ያኖራት ይሄው ተቆርጦ ማቆጥቆጡ ነው።


የአራት ኪሎው ልጅ፦

ጋሼ ካምቢዮ እድሜ ይስጥልኝ፣ ስለ ከፍታው የነገሩኝን ለኮሚቴው ሳነብላቸው ሁሉም ነው የደነገጡት፣ ሱቁ ጋር ሶስት ጊዜ ተመላልሰን አንድም ሰው አላነሳልንም። ጭድና ድርቆሽ አንተንም እግዚአብሔር ይባርክህ፣ እውነት ለመናገር ሳሩን እንደ ቆሻሻ ነበር ያየነው። አንድ ነገር ግን፣ ሱሉልታ አስር የሚሆኑ ብቻ ለብቻቸው የቆሙ ጉቶዎች ሜዳው ዳር ላይ አሉ፣ እነሱን ለአስሩ ብለን ኤክስካቫተር ሳናመጣ ትራክተሩ ላይ ሰንሰለት አስረን ብንጎትታቸው ምን ይላችኋል? የኮሚቴያችን ሰብሳቢ እንደሱ ሲሰራ አይቻለሁ ይላል።


የቀበናዋ፦

እባክህ ወንድሜ አታድርጉት። እባካችሁ።

ታላቅ ወንድሜን ያጣሁት እንደዛ ነው። ሰፈር ሰው መሬት ላይ ጉቶ ሊነቅልላቸው ሄዶ ሰንሰለቱን ከፍ አድርጎ ከመቀመጫው ስር አካባቢ አሰረው፣ ጉቶው አልነቀል ሲለው ነዳጅ ጨመረ፣ የኋላው ጎማ መሬቱን ይዞ ስለቆመ ትራክተሩ ራሱ በጎማው ላይ ዞሮ የፊቱ ተነሳና ወደ ኋላ ላዩ ላይ ተገለበጠ። አብረውት የነበሩት ልጆች ዝለል ለማለት እንኳን አልደረሱም። ከዛ ወዲህ ይሄን ነገር ስጠይቅና ሳነብ ነው የኖርኩት፣ ትራክተር ወደ ኋላ ሲገለበጥ ከ1.5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው ሁሉ ነገር የሚያልቀው፣ ሰው ነቅቶ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሳያነሳ። ጎበዝ ሾፌር መሆን አያድንም፣ ወንድሜ ጎበዝ ነበር።

የሚጎተት ነገር የሚታሰረው ታች ባለው መጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ነው፣ ከኋላ ጎማው መሃል ዝቅ ብሎ። ማጨጃ የሚያያዝባቸው ሶስቱ የኋላ ክንዶች ላይ አይደለም፣ አክሱል ላይ አይደለም። እሱም ቢሆን ለሚንቀሳቀስ ነገር ነው፣ ሥሩ መሬት የያዘ ጉቶ የሚንቀሳቀስ ነገር አይደለም። ሰንሰለቱም ሲበጠስ ተመልሶ ሰው ላይ ይመጣል።

እና የምትገዙት ትራክተር የመገልበጥ መከላከያ ብረት፣ ያ ከሾፌሩ ኋላ ቆሞ የሚታየው ቅስት፣ ይኑረው። ቀበቶም ይኑረው፣ ቀበቶ ሳይታሰር ብረቱ ብቻውን አያድንም ምክንያቱም ሰውየው ተወርውሮ ብረቱ ስር ነው የሚገባው። ስዊድን አዲስ የሚሸጥ ትራክተር ላይ ይሄን ብረት ግዴታ ያደረገችው በ1959 ነው። የወንድሜ ትራክተር ላይ አልነበረም። ማሲውን ከገዛችሁ ብረቱን በየቤቱ ብየዳ አታሰሩት፣ ለዛ ሞዴል ተሰርቶ የተፈተነውን ፈልጉ፣ ካጣችሁ ማሲውን ተዉት። ቤተልሔሙ ጀርባ ያለው ቁልቁለት ላይም ማንም ሰው በትራክተር እንዳይወጣ፣ በተለይ አግድም። ለሰብሳቢያችሁ ይሄን አንብብለት።


የአራት ኪሎው ልጅ፦

እህቴ ነፍሱን ከጻድቃን ጎን ያሳርፍልን። ስሙን በግል ብትልኪልኝ ደብራችን በጸሎት እናስበዋለን። ሰንሰለቱ ቀርቷል፣ ሰብሳቢያችንም አንብቦታል፣ ቃል ገብቷል።


አትክልተኛው፦

ካዛንቺስና ሳር ቤት አካባቢ ግቢ ነው የማጭደው፣ ስራዬ ነው። የከተማውን ግቢ በትራክተር ማሰቡን ባጠቃላይ ብትተዉት ይሻላል ባይ ነኝ። መቃብር መሃል ትራክተር አይዞርም፣ ሐውልት ይነካል፣ የጽድና የወይራ ሥር ከመሬት ወጥቶ ቢላው ይመታዋል። ስላሸር ደግሞ ድንጋይ ሲያገኝ እንደ ጥይት ነው የሚወረውረው፣ ሰው የሚሳለምበት ግቢ ነው፣ ዙሪያው መኪናና መስኮት ነው።

በትከሻ የሚያዘውን የቤንዚን ማጨጃ ሁለት ግዙ፣ ለሳሩ በክር፣ ለሰንሰሉና ለወፍ ቆሎው ባለ ጥርስ ክብ ቢላ እየቀየራችሁ። ለቀሪው ሜዳማ ሳር ራሱ የሚሄድ በእጅ የሚያዝ አንድ ማጨጃ። ያ ሁሉ ከትራክተሩ ስላሸር ዋጋ ብዙም አይበልጥም ባይ ነኝ፣ እና የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ሁለት ሳምንት የፈጀባቸውን በሁለት ሶስት ቀን ይጨርሱታል። መነጽርና ወፍራም ጫማ ሳያደርጉ አይያዙት፣ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ይቀላቀልበታል፣ ልኩን በመመሪያው ላይ እንዳለው አድርጉ፣ ብዙ ሰው በግምት እየቀላቀለ ነው ሞተሩን የሚያቃጥለው። ቁልቁለቱን ደግሞ ሰንሰሉን ከነሥሩ አትንቀሉት፣ አፈሩን የያዘው እሱ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ግቢያችሁ ተንዶ ወንዝ ይገባል። እየቆረጣችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ በመሃሉ ሀገር በቀል ዛፍ ትከሉበት።


ትራንዚተር ነኝ፦

ስለ ማሽኑ አላቅም ስለ ወረቀቱ ልጨምር። ከውጭ የምታስመጡ ወይ የሚያስመጣላችሁ ሰው ካለ ከመክፈላችሁ በፊት በየትኛው የታሪፍ ቁጥር እንደሚገባ ጠይቁ። ትራክተሩ 8701 ውስጥ ነው፣ ከ18 ኪሎዋት በላይ እስከ 37 ኪሎዋት ያለው፣ ማለትም ከ24 እስከ 50 ፈረስ ጉልበት ገደማ፣ 8701.92 ነው። ማጨጃው ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ለሳር ሜዳ፣ ለመናፈሻና ለስፖርት ሜዳ የሚሆን ማጨጃ 8433.11 ወይ 8433.19 ነው፣ ሌላው ማጨጃ፣ ትራክተር ላይ የሚገጠመው መቀስ አይነቱም ጭምር፣ 8433.20 ነው። አንዱ የግቢ ማሳመሪያ ሌላው የእርሻ እቃ ተብሎ ነው የሚታየው፣ ስለዚ ኢንቮይሱ ላይ ዝም ብሎ ሳር ማጨጃ ተብሎ ከተጻፈ ወደብ ላይ ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ። ሞዴሉን፣ ኪሎዋቱንና ምን እንደሚሰራ በግልጽ ያጽፉ።

እና ከሐምሌ 2016 በፊት የሰማችሁትን ማንኛውንም ዋጋ እርሱት፣ ብር በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ የድሮ ፕሮፎርማ ዋጋ የለውም። አዲስ አጽፉ፣ ስንት ቀን እንደሚጸና ቀኑ ይስፈርበት።


ጭድና ድርቆሽ፦

አንድ የረሳሁት፣ ትራክተሩ ከተማ የት ያድራል ብላችሁ አትጨነቁ፣ ሱሉልታ አስቀምጡት ጥበቃ ካለ። ማመላለስ ካስፈለገ ክብደቱ 1.3 ቶን አካባቢ የሆነ ትራክተር ትንሹ አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ መወጣጫ ጣውላ ሳይሆን ብረት ይሁን። ከዛ ከከበደ ሎውቤድ ነው፣ ለአንድ ቀን ስራ ሎውቤድ አይከፈልም።


የአራት ኪሎው ልጅ፦

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ነበር፣ አስተዳዳሪያችንም ነበሩ። የተስማማነው እንዲህ ነው። ለግቢው አትክልተኛው እንዳለው ሁለት የትከሻ ማጨጃና አንድ የእጅ ማጨጃ፣ እሱ እስከ ሐምሌ ይገዛል። ጉቶው ለአካባቢው ሰዎች በማገዶ ልዋጭ ይቀርባል፣ የቀረውን ጥቅምት ላይ ኤክስካቫተር ያወጣዋል፣ አስሩንም ጨምሮ። ትራክተሩ ለሱሉልታ ብቻ ይሆናል፣ ከ35 በላይ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ የመገልበጫ መከላከያ ያለው፣ መቀስ አይነቱን ማጨጃ ይዞ፣ ስላሸሩ ጉቶው ካለቀ በኋላ ይታሰባል። ከድርቆሹ የሚገባው ብር ለብቻው ተመዝግቦ ለመጦሪያው ግንብ ይቀመጣል፣ ይሄን ሲሰሙ አስተዳዳሪያችን ተነስተው ነው የመረቁን።

ማሲውን ትተነዋል፣ ባለ አንድ ደረጃ ፍሪሲዮን ነው፣ ሰውዬው ራሱ በሃቅ ነገረን። አሁን አንድ ሰው ቃሊቲ አካባቢ ሁለት አመት የሰራ ባለ 45 ትራክተር አለኝ ብሎናል፣ ቅዳሜ ልናየው ነው። ጋሼ ካምቢዮ እኛ ምኑን ነው የምናየው? መካኒክ ይዘን እንሄዳለን ግን መካኒኩ የመኪና ነው።


ካምቢዮ፦

ጥሩ ወስናችኋል። ቅዳሜ ስትሄዱ ደውላችሁ እየመጣን ነው አትበሉት፣ ወይ ደግሞ አታስነሳው በሉት። እንደደረሳችሁ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ፣ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ሞቆ ከጠበቃችሁ በብርዱ አይነሳም ማለት ነው። ሲነሳ ነጭ ጭስ ለጥቂት ጊዜ ቢያወጣ ችግር የለም፣ ሰማያዊ ከሆነና ካላቆመ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፣ ከውስጥ እንደ ምድጃ ጭስ እየገፋ ከወጣ ፒስተኑ አልቋል፣ ተመለሱ።

ከዛ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ አውጡ፣ እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። የኋላ ክንዶቹን ከባድ ነገር አስይዛችሁ አንሱና ሞተሩን አጥፉ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ክንዱ ከወረደ ሃይድሮሊኩ ያፈሳል። የፊት ጎማዎቹን ውስጥ ጎን እዩ፣ አራቱም የሚጎትት ስለሆነ እዛ ጋር ዘይት ካለቀሰ ስራ ይጠብቃችኋል። ሁሉንም ማርሽ ቁልቁል ላይ ሞክሩት፣ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ማርሹ እየዘለለ ከወጣ አትግዙ። ፒቲኦውን አስገቡና ዙሩን ጨምሩ፣ ይጮሃል ወይ አዳምጡ። ፍሪሲዮኑን በደንብ ፈትሹ፣ ትራክተር ላይ ፍሪሲዮን ለመቀየር መሃሉ ለሁለት ነው የሚከፈለው፣ የአንድ ቀን ስራ አይደለም።

የሰአት ቆጣሪውን እዩና ከፔዳሉ ላስቲክና ከመቀመጫው ጋር አስተያዩት፣ 500 ሰአት የሚል ትራክተር ላስቲኩ አልቆ ብረት አይታይበትም። የመቀስ ማጨጃውንም ሳትይዙ ብር አትክፈሉ፣ ኋላ ላይ የሚያያዝበት ሶስቱ ነጥብ ካቴጎሪ 1 ነው ወይ በሉት፣ የታችኛው ፒን 22 ሚሊሜትር ነው መሆን ያለበት፣ ሚሊሜትር መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። ሰአቱን ከነገራችሁኝም ቅዳሜ ጠዋት እኔ ነጻ ነኝ፣ ለገሃር ጋር ከወሰዳችሁኝ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም።


የአራት ኪሎው ልጅ፦

ጋሼ ቅዳሜ 2 ሰአት ለገሃር የድሮው ባቡር ጣቢያ በር ላይ እንጠብቅዎታለን። መለኪያውን እኔ እይዛለሁ።